ቅቤ የተፈቀደ፣ ሽሮ የተከለከለ

ምግብ መተውን ለእኛ የሚያስተምር ሰው ይገኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ረቡዕና ዓርቡን፣ ነነዌውን፣ ሁዳዴውን፣ የሐዋርያቱን፣ ፍልሰታውንና የገናውን አንድ ላይ የደመረ ሰው ለተራው ምእመን በዓመት 180 ቀን ገደማ ያገኛል፤ ለካህናቱና ለመነኮሳቱ ወደ 250 ይደርሳል። ሁሉንም እጾማለሁ አልልም። ሁሉንም በሚጾም ቤት ግን አድጌአለሁ፤ ሥጋ እያማረው ማደርን የሚያውቅ ዘር ነኝ። ስለዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ መርዶ በሚነገርበት ድምፅ «ለጥቂት ሳምንታት አንዳንድ ምግቦችን ትተዋለህ፤ መጀመሪያ ላይ ይከብድሃል» ስትለኝ ሳቄ መጣ። እኔ ስንት ሁዳዴ የተሻገርኩ ሰው!

ወደ እሷ የላከኝ ሐኪሙ ነው። ከምሳ በኋላ ሆዴ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ይቆርጠኛል። በመሣሪያ ታየ፤ ደሜም ተመረመረ። የስንዴ ጠላት የሆነው ሴሊያክ የሚሉት በሽታ እንደሌለብኝ ተነገረኝ። «አንጀትህ አልቆሰለም፤ ቁጡ ነው እንጂ» አለኝ ሐኪሙ። እንዲህ ያለ አንጀት የያዘ ሰው አገር ቤት ቢሆን «ጨጓራ ነው» ተብሎ ተልባ ይበጠበጥለታል። እዚህ ወረቀት ይሰጠዋል።

ወረቀቱ ሁለት ዓምድ አለው፤ ቀዩ የሚተው፣ አረንጓዴው የሚበላ። ከቀዩ ጀመርኩ። ሽንኩርት። ነጭ ሽንኩርት። ስንዴ። ገብስ። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ክክ። ወተት። እንጉዳይ። ማንጎ። ማር፤ ማር ሲባል እንግዲህ ጠጅም አብሮ ሄደ። በረጅሙ ተንፍሼ ወደ አረንጓዴው ዞርኩ። የበሬ ሥጋ፣ የበግ ሥጋ፣ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ቅቤ።

ደግሜ አነበብኩት። የጻፈው ሰው ፍትሐ ነገሥቱን ከፊቱ ዘርግቶ አንቀጽ በአንቀጽ የገለበጠው ይመስላል። በጾም የሚበላው በአብዛኛው ቀዩ ውስጥ ነው፤ በጾም የሚከለከለው ከወተት በቀር አረንጓዴው ውስጥ ነው። ሽሮ ኃጢአት ሆኗል፤ ጥብስ ጽድቅ። ዕድሜ ልኬን የተለማመድኩት መተው ለዚህ ምንም አይጠቅመኝም። የለመድኩት ሌላውን ነው የምተወው።

የባሰው ደግሞ ሁዳዴ ሊገባ ቀናት መቅረታቸው ነው። የንስሐ አባቴ ዘንድ ደወልኩ።

«አባቴ፣ ሐኪም ሽሮና ምስር ከለከለኝ።»

«እግዚአብሔር ይማርህ። ምን ፈቀደልህ?»

«ሥጋና ቅቤ።»

ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አባቴ?» አልኩ።

«አለሁ። ይኼ ሐኪም የማን ወገን ነው?»

«ሴት ናት፤ ሃይማኖቷን አልጠየቅኳትም።»

«እንዲያው ነው የጠየቅሁህ። ለሕመምተኛማ ሥርዓቱ ይቀላል። መድኃኒት ነው ካሉህ ቀኖናህን አቃልልሃለሁ። መድኃኒት ነው?»

እዚህ ላይ እውነቱን ተናገርኩ። መድኃኒት አይደለም፤ ሙከራ ነው። የሚጠረጠረውን ሁሉ ትቶ፣ ሆድ ጸጥ ሲል አንድ በአንድ እየመለሱ ጥፋተኛውን መያዝ ነው አልኳቸው።

«ምርመራ ነዋ!» አሉ። «እንግዲያው ቅቤውን ምን አመጣው? ተው አለች እንጂ ብላ አላለችህም። እሷ የከለከለችህን ተው፤ እኛ የከለከልንህንም ተው።»

ከሕግ አንፃር እንከን አልወጣለትም። በዚህም ምክንያት በዚያ ሁዳዴ ሁለት አጥር መካከል ገባሁ። የፍስኩን ቤተ ክርስቲያን፣ የጾሙን ሐኪም ከልክለውኝ የተረፈኝን ስቆጥር፦ ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮት፣ አበሻ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ዝንጅብል፣ ኦቾሎኒ፣ ዘይት። ከዚያ ወረቀቱ ግርጌ ላይ፣ ማንም ያነባቸዋል ተብሎ ያልተጠበቀ በሚመስል ትንንሽ ፊደል የተደረደሩ እህሎች አሉ፤ ኪኑዋ፣ ባክዊት፣ ማሽላ፣ ሚሌት፣ ጤፍ። የማላውቃቸው እህሎች ጓዳዬ የገቡት በጤና ፋሽን አይደለም። ሁለት ሕጎች ሳይነኩ የተዉት ጥግ እሱ ብቻ ስለነበረ ነው።

እንዲህ ያለ ወረቀት ከየት እንደመጣ ማጣራት ያዝኩ። የሚበላው ያጣ ሰው ለንባብ ጊዜ አለው። (ዘመኖቹን እንደ ፈረንጆቹ አቈጣጠር እጠራለሁ።) የቅርብ ወላጆቹ አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ውስጥ ናቸው። የሞናሽ ዩኒቨርሲቲዎቹ ፒተር ጊብሰንና ሱ ሼፐርድ በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ ፎድማፕ የሚል የጋራ ስም ያወጡላቸው የስኳር ዘመዶች አሉ። ቀጭኑ አንጀት እነዚህን በደንብ አይመጥጣቸውም። ሳይፈጩ ወርደው ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ፤ ውኃ ይስባሉ፤ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ ድግስ እንደተጠራ ማኅበርተኛ ይቀበሏቸዋል። የድግሱ ጭስ ነው የሚነፋን። ሽንኩርትና ስንዴ ውስጥ ያለው ፍሩክታን የሚባለው ነው፤ ጥራጥሬ ውስጥ የራሱ ዓይነት አለ፤ ወተት ውስጥ ላክቶስ። ፍሩክታንን የሚቆርጥ ኢንዛይም ማናችንም ስለሌለን ጉዳዩ የእኔ ብቻ አይደለም። ሽሮ ሁሉንም ሰው ይነፋል። ቁጡው አንጀት ያንኑ ንፋስ አጋኖ ይሰማዋል እንጂ። ከሁዳዴ ምሳ በኋላ ጉባኤው ሁሉ ለምን ቀበቶውን እንደሚያላላ የሚያስረዳ ነገር በአርባ ዓመቴ ከሜልቦርን መጣልኝ።

የመተውና የመመለሱ ዘዴ ግን ከዚያ ይቀድማል። በ1920ዎቹ ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ አልበርት ሮው የሚባል ሐኪም ነበር። የትኛው ምግብ ማንን እንደሚጎዳ ቆዳ እየወጉ የሚደረገው ምርመራ ብዙ ጊዜ አላረካውም። ለበሽተኞቹ ጥቂት ምግቦች ብቻ የያዙ ዝርዝሮች አወጣ፤ ሲሻላቸው ሌላውን አንድ በአንድ አስገባ። በ1931 ስለ ምግብ አለርጂ መጽሐፍም አሳተመ። እኔ እጅ የገባው ባለቀይና ባለአረንጓዴ ወረቀት የእነዚያ ዝርዝሮች የልጅ ልጅ ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ከሮው በፊት የሚጠቀስ አለ። ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ ባቢሎን ቤተ መንግሥት የንጉሡን ማዕድ አንበላም ብለው አስር ቀን እንዲፈተኑ ጠየቁ፤ ከዚያ ፊታቸው የንጉሡን ምግብ ከበሉት ብላቴኖች ፊት ጋር ተነጻጸረ። ይህ እንግዲህ ማነጻጸሪያ ቡድን ያለው፣ ጊዜው የተወሰነ፣ ውጤቱ በሦስተኛ ወገን የተመዘነ ሙከራ ነው። ለባለሙያዋ ይህን ስነግራት ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። «ምን በሉ?» አለችኝ። ጥራጥሬና ውኃ መሆኑን ስነግራት ብዕሯ ቆመ። እኔም ከዚያ ወዲህ ትንቢተ ዳንኤልን በጥርጣሬ ነው የማየው። በጥራጥሬ ፊቱ አማረ ይባላል፤ ስለ ሆዱ ግን ማንም አልጠየቀውም።

ወጥ ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የፈረሰው ቁሌት ነው። ከአገራችን ወጥ ላይ ቅመሙን ቀንሱ፣ ዘይቱን ቀንሱ፣ ሥጋውን አውጡ፣ ወጥነቱ ይኖራል። ሽንኩርቱን ሲያወጡት የሚቀረው ቀይ ውኃ ነው። ዶሮ ወጥ የሚሠራ ሰው ከዶሮው ይልቅ ስለ ሽንኩርቱ ብዛት የሚጨነቀው ለዚህ ነው፤ ወፍራሙ መረቅ የተቁላላ ሽንኩርት እንጂ ሌላ አይደለም። ሰፈሬ ያለችው አክስቴ፣ እቴቴ የምላት፣ ያለ ሽንኩርት የሠራሁትን የድንች ወጥ በማንኪያ ጫፍ ቀምሳ ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ይኼ ለታማሚ የሚሰጥ ነው» አለች።

«እኔም ታማሚ ነኝ እኮ፣ እቴቴ።»

«አንተን ያመመህ ወረቀት ነው።»

መውጫ ቀዳዳ ግን ነበረ። ፍሩክታን ውኃ ውስጥ ይሟሟል፤ ዘይት ውስጥ አይሟሟም። ነጭ ሽንኩርቱን ከነፍልቃቂው ዘይት ውስጥ ጠብሶ፣ ሽታውን ሰጥቶ ሲጨርስ አውጥቶ መጣል፤ ዘይቱ ይበላል፣ ሽንኩርቱ ይጣላል። የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴ ቅጠሉም ይፈቀዳል፤ ነጩ ራሱ ነው የሚከለከለው። የመረቁን ውፍረት በተፈቀፈቀ ካሮትና በቲማቲም ተካሁት። ሽታውን ለማገዝ ከሕንድ መደብር ሂንግ ገዛሁ። ጃይኖች በሃይማኖታቸው ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም አይበሉም፤ ብዙ ቤታቸው ውስጥ ያን ጣዕም የሚተካው ይህ የሚከረፋ ሙጫ ነው። ሌላ ጿሚ ሕዝብ ችግሬን ቀድሞ ፈትቶት በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገብቼ ጀርባውን ሳነብ፣ የሂንጉ ዱቄት ከስንዴ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ ነው።

በርበሬውም ችግር ነበር። በርበሬ ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አብሮት ይወቀጣል፤ እናቴ ጎጃም ሆና የምትልክልኝ በርበሬ ያንን ሁሉ የያዘ ነው፤ የሚጣፍጠውም ለዚሁ ነው። ሚጥሚጣ ግን ነፃ ወጣች። ቃሪያዋ፣ ኮረሪማዋና ጨውዋ ከክሱ ስለሌሉበት ያን ጾም ሁሉ የኖርኩት በሚጥሚጣ ነው።

አሁን ወደ እህሎቹ። ኪኑዋ ከአንዲስ ተራሮች፣ ከቦሊቪያና ከፔሩ የሚመጣ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት 2013ን የኪኑዋ ዓመት ብሎ ሰይሞለት ነበር። ቅርፊቱ ላይ ሳፖኒን የሚባል መራራ ነገር ስላለ እስኪጠራ ይታጠባል፤ ሲታጠብ የልብስ ሳሙና ያህል አረፋ ያወጣል። ሲበስል ደግሞ ከእያንዳንዱ ፍሬ የተጠቀለለ ነጭ ጭራ ይፈታል። ፅንሱ ነው። እቴቴ ድስቱን ከፍታ አይታ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ትል አለው» አለች። እህሉ ራሱ እንደዚያ ነው ብላት አላመነችኝም። የቂንጬ አሠራር ሠራሁት፤ ዘይት፣ ጨው፣ ሚጥሚጣ። አይከፋም። አያስደስትም። ከበሉት በኋላ በልቻለሁ ወይስ አልበላሁም የሚያሰኝ ምግብ ነው።

ባክዊት ሌላ ነገር ነው። የስንዴ ወገን አይደለም፤ ሣርም አይደለም። ቅቤ ሲነጠር የምንጨምረው መቅመቆ የእሱ ቤተሰብ ነው። ሲቆላ ሽታው የገብስ ቆሎን ያስታውሳል፤ ገብስ ለተከለከለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በደርግ ጊዜ ሞስኮ የተማረ ወዳጄ ቤቴ መጥቶ ሳህኑን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ግሬችካ!» አለ። የተማሪዎች ምግብ ቤት ውስጥ ጠዋት ግሬችካ፣ ማታ ግሬችካ ሲሰጡት የኖረ ሰው ነው። «ከዚህ ለማምለጥ ነው አሜሪካ የመጣሁት» አለና ሁለት ሳህን በላ።

ወረቀቱ ሚሌት ያለውን፣ ዳጉሳውን፣ ያገኘሁት ያው ሕንድ መደብር ነው፤ ራጊ ተብሎ ይሸጣል። መነሻው የእኛው ምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው፤ ከሺህ ዓመታት በፊት ባሕር ተሻግሮ ሕንድ ገብቶ ከበረ። የተባበሩት መንግሥታት ለእሱና ለወገኖቹም በ2023 ዓመት ሰይሞላቸዋል። ጎጃም ውስጥ ግን ዳጉሳ ክብሩ ጠላና አረቄ ላይ ነው። ለእንጀራ ጤፍ ሲያንስ የሚደባለቅ፣ እንግዳ ሲመጣ የማይቀርብ። ለእናቴ በስልክ ዳጉሳ እያገነፋሁ እንደሆነ ስነግራት ለረጅም ጊዜ መልስ አልሰጠችኝም።

«ዳጉሳ» አለች በመጨረሻ። «ዳጉሳ ልትበላ ነው ባሕር የተሻገርከው?»

«ለጤና ነው፣ እማዬ። እዚህ ውድ ነው።»

«ውድ ነው?»

«ከስንዴ ይበልጣል።»

ይህ ወሬ ሰፈሩን ሳያዳርስ አልቀረም። ከዚያ ወዲህ ስደውል ጤናዬን ሳይሆን ሥራ አለኝ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ዘመዶች በዝተዋል።

የቀረው ጤፍ ነው፤ ስለ እሱ ምን ልፈራ? ወረቀቱ ላይ ከኪኑዋ ጎን ተቀምጦ ሳየው ኮራሁ፤ ባለሙያዋም «ይህን እህል ሰምተህ ታውቃለህ?» ስትለኝ ትከሻዬ ሰፋ። በዕለቱ ወደ ለመድኩት ሱቅ ሄጄ ባለሱቋን «ይኼ እንጀራ መቶ በመቶ ጤፍ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እንጀራ ነው» አለችኝ።

«ጤፍ ብቻ?»

«ኧረ ወንድሜ፣ እንጀራ ነው።»

ላስቲኩ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ግልጽ ነበረች፤ ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ። ለዓመታት ስጠቀልለው የኖርኩት ይህን ነው። ባለሱቋ ግን አልዋሸችኝም። ቀድመው እዚህ አገር የገቡት ሰዎች ጤፍ ከየትም አያገኙም ነበር፤ ከሱፐርማርኬት የሚነሣ ዱቄት ገዝተው፣ እርሾ አበጅተው፣ መጥበሻ ላይ ዓይን ያለው ነገር ያወጡ እነሱ ናቸው። ጤፍ ሲመጣ ዋጋው ውድ ሆነ። ገብስና ስንዴ ሲገባበት ይረክሳል፤ ሊጡም ለጋጋሪ ይታዘዛል፤ እንጀራውም በማግስቱ አይሰባበርም። ስደት የራሱን እንጀራ ጋገረ፤ እኛም ለመድነው። ንጹሕ ጤፍ ሲቀርብልን «ጠቆረ» የምንል ሰዎች ሆነናል።

ጤፉስ ከየት ይመጣል? ከአይዳሆ። ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ ሲመለስ፣ የስኔክ ወንዝ ሸለቆ የስምጥ ሸለቆውን አገር አስታወሰውና ጤፍ ዘራበት። ዛሬ በአሜሪካ የአበሻ ሱቆች «መስቀል» የሚል ስም ይዞ የሚታየው ዱቄት የእሱ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2006 የጤፍ እህልና ዱቄት ወደ ውጭ እንዳይላክ ሲከለክልና የተጋገረ እንጀራ ብቻ ሲፈቅድ፣ እዚህ ያለው ሰው ዓይኑ ወደ አይዳሆ ዞረ። አርሶ አደር ፈረንጅ፣ ስሙ መስቀል፣ እንጀራው የእኛ። ከዚህ የበለጠ የተወሳሰበ ዜግነት ያለው እህል አላውቅም።

አውቃለሁ እንጂ። ያው ጤፍ ኔዘርላንድ ውስጥ። ነገሩ ሄግ ከተማ ላይ ይጋጠማል፤ ሁለት ጊዜ ይጋጠማል። የመጀመሪያው ቪለም ካረል ዲከ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ነው። ሴሊያክ የያዛቸው ሕፃናት እየከሱ ይሞቱ ነበር፤ ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም። ለንደን ውስጥ ሳሙኤል ጂ በ1888 በሽታውን ገልጾ መፍትሔው ምግብ ላይ እንደሚሆን ገምቷል፤ አሜሪካ ውስጥ ሲድኒ ሃስ በ1924 ሕፃናቱን በሙዝ ያክም ነበር። የሄጉ ዲከ ከጦርነቱ በፊትም ስንዴን ይጠረጥር ነበር። ከ1944 ወደ 1945 በነበረው ክረምት ጀርመኖች ምግብ ዘግተው ሕዝቡ የአበባ ሥር እስከ መብላት ሲደርስ፣ ዳቦ ከከተማው ጠፋ። ሁሉም ሲከሳ እነዚያ ሕፃናት ተሻላቸው። ዳቦ ሲመለስ በሽታቸውም ተመለሰ። ዲከ በ1950 ይህንኑ የመመረቂያ ጽሑፉ አደረገው። ስንዴ የማይስማማው ሰው ሁሉ ዛሬ የሚበላውን የሚያውቀው ከዚያ ረሃብ በተገኘ እውቀት ነው፤ የእኔንም ደም የመረመሩት ያንኑ በሽታ ሲፈልጉ ነው።

ስንዴ ሲወነጀል ደግሞ ስንዴ ያልሆነ ዱቄት ገበያ አገኘ። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በ2005 ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር በጤፍ ላይ ተዋውሎ፣ ጥቂት ቆይቶ በአውሮፓ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ነጥቡ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ለተወሰኑ ሳምንታት ተቀምጦ ሲፈጭ የተሻለ ዱቄት ይወጣዋል የሚል ነው። እናቴ ጎተራዋን ብታናግረው ይህን ይነግራት ነበር። ክርክሩ በ2018 እዚያው ሄግ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ተከሳሹ ሌላ የጤፍ ዱቄት ሻጭ ነበረ። ዳኞቹ ፈጠራ የሚያሰኝ ነገር የለበትም ብለው መብቱን በኔዘርላንድ ሻሩት። ስንዴን ጥፋተኛ ያስባለው ሐኪም የሠራባት ከተማ ጤፍንም ነፃ አወጣችልን። ይህን ለእቴቴ ስተርክላት «እሰይ፤ ለመሆኑ እንጀራ ጋገሩበት?» አለች። አልጋገሩበትም፤ ዳቦና ብስኩት ነው።

ንጹሑን ጤፍ ራሴ መጋገር ጀመርኩ። የአይዳሆው ዱቄት፣ እቴቴ ያካፈለችኝ እርሾ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ። ሜሪላንድ በየካቲት ሊጥ አይነሣበትም፤ አብሲት ጥለህ ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጠህ ነው የምትለማመጠው። እርሾው ለረጅም ጊዜ ሲያድር ራሱ ከፍሩክታኑ እየበላ እንደሚቀንስ ባለሙያዋ ነገረችኝ፤ ጤፍ ላይ ብዙም ጉዳይ የለውም፤ ስንዴ ላይ ግን ልዩነት ያመጣል። ቆይቼ የሚጠቅመኝ ነገር ነው ብዬ ያዝኩት።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ምግቡ አይደለም፤ ሰው ነው። ጾም ነኝ ስትል ጨዋታው እዚያው ያልቃል፤ ማንም ለምን አይልህም፤ የጾም ወጥ ይቀርብልሃል። ሽንኩርት አልበላም ስትል ጨዋታው ይጀመራል። ከመቼ ወዲህ? ማን ነገረህ? ደም ግፊት ነው? ስኳር ነው? የአጎቴ ልጅ እንዲህ ብሎ ነው የጀመረው። ከዚያ «በሞቴ» ይመጣል። ሐኪም ምንም ያህል ቢማር «በሞቴ»ን የሚቋቋም ሰው አላወጣም። ጉርሻው አፍህ ላይ ደርሶ፣ እጁ ተዘርግቶ፣ የአጉራሹ ሞት በመካከል ተጠርቶ፣ «ይቅርታ፣ ፍሩክታን አለበት» ማለት አይቻልም። ለዚህ ሁዳዴ ጋሻ ሆኖኝ ነበር። በየማኅበሩ ቁርጥ ባለ ድምፅ «ጾም ነኝ» ብዬ፣ የጾሙን በያይነቱ ደግሞ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት» ብዬ እሸሽ ነበር። ፋሲካ ሲመጣ ግን በዓለ ሃምሳ ገባ፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ሃምሳ ቀን ውስጥ ማነው ጾም ነኝ ብሎ የሚታመን?

እንግዲህ መፍቻው ደረሰ። የጾም መፍቻ ሌሊት ነው፤ ሁሉም ባንድነት ነው፤ ከዶሮ ወጥ ይጀመርና በማግስቱ ሰው ሁሉ ባንድ ዓይነት ሕመም ሆዱን ይይዛል። የእኔው መፍቻ ብቻዬን ነው፤ በየምግቡ፣ በሚዛን፣ ማስታወሻ እየተያዘ። አንድ ምግብ ለሦስት ቀን መጠኑን እየጨመሩ ይሞከራል፤ ከዚያ ዕረፍት፤ ከዚያ ሌላው። የፋሲካ ዕለት አገሩ ሁሉ ዶሮ ወጥ ሲበላ የእኔ ተራ ወተት ነበር። ወተት አለፈ። ማር አለፈ፤ ጠጅም በዚያው ተከትሎት ገባ። ስንዴ በዳቦ መልክ አስቸገረኝ፤ ሊጡ ሲያድር በኮመጠጠ ዳቦ መልክ ተሻለ፤ የእርሾው ወሬ እውነት ነው። ምስር ተቀቅሎ ውኃው ሲደፋ ሰላም ነው፤ ውኃው ከነስኳሩ ስለሚሄድ። ንፍሮ የሚቀቅሉ ሴቶች ውኃውን ሲደፉ ያየሁት ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ቀዩ ሽንኩርት በጥቂቱ ይቻላል፤ ለቁሌት ብዛቱ ግን አይሆንም።

ሽሮ ላይ ደፍቼ የማድነው ውኃ የለም፤ ዱቄት ነው። በሁለት ማንኪያ ተስማማኝ፤ በአራት ተጣላን። ይህን ለእቴቴ ስነግራት ሽሮ በማንኪያ እንደማትሠራ ነግራኝ፣ ሙሉ ድስት አፍልታ ጎረቤቶቿን ጠራች። ሁለት ማንኪያዬን በልቼ ሌሎቹ ሲጨርሱት ተመለከትኩ።

ዋናው ጥፋተኛ ነጭ ሽንኩርት ሆኖ ተገኘ። ግማሽ ፍልቃቂ ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ አሳደረኝ፤ ስንደግመውም ያው ነው። የምርመራው ውጤት ይታወቅልኝ ብዬ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ።

«ምን ተገኘብህ?» አሉኝ።

«ነጭ ሽንኩርት ነው፣ አባቴ።»

«ነጭ ሽንኩርት ብቻ?»

«በዋናነት።»

አሰቡ። «እሱማ ልጄ በጾምም ይበላል፣ በፍስክም ይበላል» አሉ። «እኛ አልከለከልነውም፤ ልንፈታልህም አንችልም።»